የአባዬ እጅ በሙሉ ጥራት

ሰኞ፣ ግንቦት 7

እጁ ዘለለ። ጉልበቱ ላይ ነበር፤ ቀጥሎ ግንባሩ ላይ ነው። መሀል ያለው መንገድ የለም። መለስ አድርጌ አጫወትኩት። አሁንም ዘለለ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሞክረው ጭራሽ አባዬ አፉን ከፍቶ ደርቆ ቀረ፤ ድምፁ ግን በሱቁ ስፒከር ብቻውን ይሄዳል። ያጨበጨበው ተሰምቶ አልቋል፣ መዳፎቹ ገና አልተገናኙም። ተናድጄ ድምፁን ዘጋሁት።

እማዬ ከኋላዬ ቆማ ታይ ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ «ይሄ እሱ አይደለም» አለችና ወጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

«መልኩ እኮ ነው፣ እማዬ!»

«መልኩማ መልኩ ነው። አነጋገሩ አይደለም። አባትሽ ተንተባትቦ አያውቅም።»

አሥራ ሦስት ዓመት የሰርግ ቪዲዮ ስሠራ ኖሬያለሁ። መቱ ውስጥ በዚህች ሱቅ ያላለፈ ሙሽራ ጥቂት ነው። የገዛ አባቴን አሥራ አንድ ደቂቃ ማጫወት አቃተኝ!

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፤ ለራሴም እንዲረጋልኝ። አባዬ ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም። ትምህርት ቤት የሚሰጠውን የምልክት ቋንቋ አልተማረም። የሚናገረው እሱና እማዬ እዚሁ ከመቱ ወዲያ ባለችው ቡሬ በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳር የፈጠሩትን የእጅ ንግግር ነው። እኔ ግማሹን እሰማለሁ። (ቤታችን ውስጥ «እሰማለሁ» ነው የሚባለው፤ «አያለሁ» አይባልም።) በአሥራ አራት ዓመቴ ለትምህርት ወደ መቱ ስመጣ ሌላው ግማሽ እዚያው ቀረ። አባዬን በቪዲዮ የቀረፀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የአጎቴ ልጅ፣ ጥር ላይ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀን መጥቶ በአዲሱ ስልኩ። እኔ ባለካሜራዋ አንድም ቀን አልቀረፅኩትም። ነገ፣ ነገ እያልኩ።

አባዬ የሞተው በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ነው። በዚያ ሳምንት ፍትሐት አይደረግም። ሆሳዕና ላይ አስቀድሞ ለሁሉም ተደርጓል ብለው ቄሱ ቢያጽናኗትም እማዬ ውስጧ ገብቶ ቀረ። «ለሌላው ሰው የሚባለው ለሱ ሳይባል አፈር ገባ» ትላለች። ስለዚህ የፊታችን እሁድ፣ አርባው ላይ፣ እሱ ራሱ እንዲናገር ትፈልጋለች። ቪዲዮው ይከፈታል፤ እሷ አጠገቡ ቆማ ለሰው ትተረጉማለች። እሱን ሙሉ በሙሉ የሚሰማ ከእሷ በቀር ሰው የለም። እጁ እየዘለለ ግን እሷም አትሰማውም።

እስከ እሁድ ስድስት ቀን አለኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 8

ዛሬ የሞከርኩት፦

የዊንዶውሱ የራሱ ማጫወቻ። ጥቁር ስክሪን። እንዲህ ያለውን ቪዲዮ ለማየት ተጨማሪ ነገር ከኢንተርኔት ሱቅ ግዢ ይላል፣ በውጭ አገር የባንክ ካርድ። መቱ ቁጭ ብዬ የውጭ አገር ካርድ!

እኔ የለመድኩት ማጫወቻ። ይከፍታል፤ ይዘላል።

ላፕቶፑን አጥፍቶ ማብራት። ማንም እንዳይስቅ፣ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ዛሬ አልሠራም።

መስኮት ከፍቼ ላፕቶፑን ማቀዝቀዝ። ዝናብ ገባ።

ፋይሉ ከባድ ነው። ፎር ኬ ነው፤ እኔ ለሰርግ ከምሠራበት አራት እጥፍ ነጥብ አለው። በዚያ ላይ ስልኩ ቦታ ለመቆጠብ አጥብቆ አጣጥፎታል። ማጫወቻው በየሰከንዱ ሠላሳ ሥዕል ከእጥፋቱ እየፈታ ማሳየት አለበት። የኔ ላፕቶፕ ጥቂቱን ይፈታና ሌላውን ይጥለዋል። የአባዬ ቃላት ደግሞ ያሉት በተጣለው ውስጥ ነው።

ከሰዓት መብራት ሄደ። ሲመጣ እንደ ሰርግ አደረግኩት። ለደንበኛ ሳስረክብ ልማዴ ነው፤ ፋይሉን አሳንሼ፣ ቀለል አድርጌ፣ በማንም ስልክ እንዲከፈት። ሁለት ሰዓት ፈጅቶ ጨረሰ። አጫወትኩት። እጁ አልዘለለም! እየጮኽኩ እማዬን ጠራኋት።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ትንሽ አየች።

«ጣቶቹን የት አደረግሻቸው?»

እውነቷን ነው። ጣቶቹ ተጣብቀዋል። እጁን ፈጠን ሲያደርግ መዳፉ ሻይ ውስጥ የተነከረ ዳቦ ይሆናል። በአባዬ ንግግር ትንሿ ጣት ስትታጠፍ አንድ ነገር ነው፣ ሳትታጠፍ ሌላ ነገር ነው። ሙሽራዋ ስትስቅ እስከታየች ድረስ ማንም ቅር የማይለው ሥራ አባዬ ላይ ሲሆን ምላስ መቁረጥ ሆነ። አጠፋሁት።

እማዬ «አይዞሽ፣ ደክመሻል እኮ» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ለከድር ደወልኩ። ኩራቴን ውጬ ነው የደወልኩት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 9

አየሁት። አባዬን አየሁት!

ቀስ ብዬ ልጻፍ። ከድር ከገበያው በታች የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው የስልጤ ሰው ነው፤ ወዳጄም ባላንጣዬም። ወዳጄ የሆነው የተበላሸብኝን ሁሉ ስለሚጠግንልኝ ነው። ባላንጣዬ የሆነው በሊኑክስ ምክንያት ነው። ሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ በዊንዶውስ ቦታ የሚገባ፣ በነፃ የሚገኝ ሥርዓት ነው። ከድር ስለ እሱ ሲያወራ ልጁን የሚድር አባት ይመስላል። ሁለት ዓመት ሙሉ «አንቺ ጥሩ፣ ሞክሪው» ይለኛል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ «ሥራ አለኝ» እለዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ለእሁድ ያዋሰንን ትልቅ ፎር ኬ ቴሌቪዥን በጋሪ አስጭኖ መጣ፤ ሊኑክሱ ኪሱ ውስጥ፣ ፍላሽ ላይ ነው። ላፕቶፔ ውስጥ ያለውን ዊንዶውስ ሳይነካ ከፍላሹ አስነሳው። የማላውቀው ገጽ መጣ። «ፋይሉ የታለ?» አለ። አሳየሁት። ነካው። ተጫወተ።

ምን ብዬ ልጻፈው?

አባዬ ቡሬ ጓሮ ውስጥ ግንድ ላይ ተቀምጧል። ከትከሻው አጠገብ ከዝቅተኛው ዛፍ ላይ ቀፎው ተንጠልጥሏል። ዕድሜውን ሙሉ ቀፎ ሲሰቅል የኖረ ሰው ነው። እጁ ከጉልበቱ ተነሳ። ደረቱ ጋ ደረሰ፣ አገጩን ነካ፣ ቀስ ብሎ ግንባሩ ላይ ወጣ። መንገዱ ሁሉ አለ! ምንም የጠፋ የለም። አንዲት ንብ አንጓው ላይ ዐረፈች፤ እግሯ ላይ የያዘችው ቢጫ የአበባ ዱቄት ይታያል። ዱቄቱ ይታያል! አውራ ጣቱ ላይ ያለው የመጥረቢያ ጠባሳ። የሸሚዙ ሁለተኛ ቁልፍ በቀይ ክር መተከሉ። ሲተነፍስ ኪሱ ከፍ ዝቅ ሲል።

አንድ ነገር ደግሞ ሠላሳ ስድስት ዓመት ልጁ ሆኜ ያላስተዋልኩትን አየሁ። ሊናገር ሲል፣ ገና ከመጀመሩ በፊት፣ የግራ እጁ ጣቶች ከጉልበቱ ላይ ስንዝር የማይሞላ ይነሳሉ። ሰው ሊናገር ሲል አፉን ከፈት እንደሚያደርገው። የአባዬ ትንፋሽ መውሰጃ እዚያ ነበር!

ይህ ሁሉ ቪዲዮውን ባስቀመጥኩበት ፍላሽ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጦ ኖሯል። ከሰኞ ጀምሮ በቀሚሴ ኪስ ይዤው ስዞር ነበር። በሙያዬ ምሥጢር የቀረኝ አይመስለኝም ነበር። ዛሬ ግን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየ ሰው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አለቀስኩም፤ ለምን እዋሻለሁ። ከድር «አላየሽም እንዴ ጥራቱን» ሊል ጀምሮ አየኝና ተወው። ከዚያ እሱም ዞሮ ማየት ጀመረ። «ሱብሃነላህ» ሲል ሰማሁት፣ ለራሱ።

ድምፅ አልነበረውም። የላፕቶፔ ስፒከር ከሞተ ቆይቷል፤ ወደ ሱቁ ስፒከርም ወደ ቴሌቪዥኑም አልሄደም። ከድር «ድምፁንስ ላስተካክለው?» አለኝ።

«ተወው። ለማይሰማ ሰው ድምፅ ምን ያደርግለታል?» አልኩት። ሳቅን።

እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ነገ ታየዋለች። መጠበቅ አቅቶኛል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 10

ራሴን ልመታው።

እማዬን ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጥኳት። አባዬ ብቅ ሲል ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ውይ፣ ውይ፣ ቆዳው እንኳ!» አለች። ጠጋ ብላ ጠባሳውን በጣቷ ልትነካ ደረሰች። እጁ ሲነሳ አብራ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ እየሰማችው ነው፣ እየተከተለችው ነው። ደስታዬን አልችለውም፤ ከኋላዋ ቆሜ እንደ ልጅ እዘላለሁ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ ፊቷ ተለወጠ። ወደኔ ዞረች።

«ድምፁስ?»

«የማን ድምፅ?»

«የባሌ ነዋ!»

«እማዬ፣ አባዬ እኮ...»

«አባትሽ ድምፅ የለውም ያለሽ ማነው? እሱ አይሰማውም እንጂ እኔ ስሰማው ኖሬያለሁ።»

በዚያም አልተወችኝም። ቃሉ አልቆ ሌላ ሊጀምር ጭኑን መታ ያደርጋል፤ ያንን ካልሰማሁ ነገሩ ሁሉ አንድ ላይ ይፈሳል አለችኝ። ሲቀልድ ጉሮሮው ውስጥ የሚያጉረመርማት ነገር አለች። ሲቆጣ በአፍንጫው ይተነፍሳል። ስለ ንብ ሲያወራ በደረቱ እምም ይላል፣ መዳፉ ላይ እንደሚሰማው አድርጎ። «ከእጁ ቃሉን አገኛለሁ። እየቀለደ ይሁን ተቆጥቶ በምን ልወቅ? ለሰው ምን ብዬ ልናገርለት?»

አውቀው ነበር። ጉዱ እሱ ነው። ልጅ ሆኜ በዚያ ድምፅ ነበር የምነቃው፤ በረቱ ጋ ሆኖ ላሟን ሲያነጋግር። መቱ ስማር አንድ ቀን ሊጠይቀኝ ትምህርት ቤት መጣ። ግቢው ውስጥ አይቶኝ ደስ ብሎት ጮኸ፤ ያንን የሱን ጩኸት። ልጆቹ ዞሩ። እኔ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ዝም አሰኘሁት። ገባው። ከዚያ ወዲህ መቱ በመጣ ቁጥር አፉን ገጥሞ ነው ደጄ ላይ የሚቆመው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት «አባቴ ድምፅ የለውም» ስል ኖሬ ትናንት ራሴ አመንኩት።

እማዬ ተነስታ ቴሌቪዥኑን በነጠላዋ ሸፈነችው።

«ሁለቴ አልሰናበተውም። ሲሟላ እሁድ ከሰው ጋር አየዋለሁ።»

ዓርብ፣ ግንቦት 11

ጠዋት ሁለት ሰዓት ሙሉ ከድርና እኔ ሊኑክሱ ላይ ድምፅ ፈለግን። የለም። ከድር «ጁምዓ ደረሰ፣ ሰግጄ ልምጣ» ብሎ ሄደ። ብቻዬን ስቀር እልህ ያዘኝና ወደ ዊንዶውሴ ተመለስኩ። ዊንዶውስ ላይ ድምፁ ይሰማ ነበር፤ ታዲያ ሥዕሉን ምን ነካው? ያው ላፕቶፕ፣ ያው ፋይል። ሊኑክስ ያገኘው ዊንዶውስ ያጣው ምንድን ነው?

የላፕቶፑን የውስጥ ዕቃዎች ዝርዝር ከፈትኩ። ከሁሉም መሀል አንዱ ላይ «ችግር አለ» የሚል ቢጫ ምልክት አለ።

አምና ላፕቶፑን ፎርማት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሰርግ ይዤ ስቸኩል የግራፊክሱን ድራይቨር፣ ሥዕል የሚያወጣውን ክፍል ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም፣ ሳልጭን ቀረሁ። ሥዕሉ ስለመጣልኝ የጨረስኩ መስሎኝ! ላፕቶፑ ውስጥ እንዲህ ያለ ቪዲዮ መፍታት ሥራው የሆነ ክፍል አለ። ዊንዶውሱ ግን መኖሩን አያውቅም፤ ያስተዋወቃቸው የለም። ዓመት ሙሉ ሸክሙን ሁሉ ብቻውን ሲሸከም ከርሟል፣ እኔም ስሰድበው ከርሜያለሁ። ሊኑክሱ ግን ከነድራይቨሩ ነው የመጣው፤ ገና ሲነሳ ያንን ክፍል አግኝቶ ሥራ ሰጠው። ምሥጢሩ ይኼው ነው።

በስልኬ ዳታ ድራይቨሩን አውርጄ ጫንኩ። አጥፍቼ አበራሁ። አጫወትኩ።

እጁ አልዘለለም። ድምፁም አለ።

ከድር ከመስጊድ ሲመለስ ፊቱን ማየት ነበር! «ይሄ ሊኑክስ ነው?» አለ። «ዊንዶውስ ነው» አልኩት። ጠጋ ብሎ አየው። ቀጥሎ «የመጫን ጥፋት ነበራ» አለ። «የኔ ጥፋት ነበር» አልኩ። ይህን በአፌ ማለት ከድራይቨሩ ይከብዳል።

እልህ ስላልበረደልን አንዱን እየዘጋን ሌላውን እያስነሳን አንዲቷን ቦታ፣ ንቧ የምታርፍበትን ብቻ፣ ደጋግመን አየን። ዊንዶውሱ ላይ አንዴ ሸርተት አለ፤ ከሥር የራሱን ዝመና (አፕዴት) ማውረድ ጀምሮ ነው። ሊኑክሱ ላይ እጁ ሲፈጥን ሥዕሉን አግድም የሚቆርጥ ቀጭን መስመር አገኘሁበት። ከድር በዓይኔ ተገረመ፣ አንድ ነገር ነካክቶ አጠፋው። ቀለሙ? ያው ነው። የንቧ ዱቄት? ያው ነው። ሁለቱም የሚያሳዩት ያንኑ አባዬን ነው። ሁለት ዓመት የተጣላንበት ነገር እዚህ ላይ አለቀ።

የሊኑክሱም ድምፅ ተገኘ። ማስተካከያው ውስጥ ወደ ቴሌቪዥኑ እንዲሄድ መምረጥ ብቻ ነበር። ሁለት ሰዓት የፈለግነው አንዲት መስመር ላይ ቁጭ ብሎ!

ጭኑን መታ ሲያደርግ ሰማሁት። አንዴ። ቶሎ ዘጋሁት። እኔም እሁድ ከሰው ጋር እሰማዋለሁ።

እሁድ የሚሠራው ሊኑክሱ ነው፤ መሀል ላይ ዝመና አውርዶ ጉድ እንዳይሠራን። ዊንዶውሱ ተጠባባቂ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 12

ቡሬ ገባን። ሚኒባሱ ውስጥ ቴሌቪዥኑን በሁለት ብርድ ልብስ ጠቅልለን ከድርና እኔ ጉልበታችን ላይ አጋደምነው። መንገዱ ጭቃ ነው። በዘለለ ቁጥር ከድር «ያ አላህ» ይላል፣ እማዬ «እመብርሃን» ትላለች፤ እኔ ሁለቱንም አሜን እላለሁ።

ጋሼ ገመቹ በሩ ላይ ጠበቀን። የአባዬ ባልንጀራ ነው፤ ሃያ ዓመት ጫካ አብረው ቀፎ ሰቅለዋል። አንዱ አይሰማም፣ አንዱ አማርኛው ያን ያህል አይደለም፣ ግን ሲጣሉ አይቼ አላውቅም። የእድሩን ጄኔሬተር ቀድሞ አስመጥቶ ድንኳኑ ጀርባ አስቀምጦታል። እኔን ሲያይ ዓይኑ ሞላ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እውነት ነገ ያወራል?»

«ያወራል ጋሼ ገመቹ። እግዜር ከፈቀደ።»

ጠጉሩን አሻሸ። ከዚያ አንድ ነገር ነገረኝ። አባዬ ቀፎ ሳይከፍት የትኛው እንደሞላ ያውቅ ነበር። እጁን ያስቀምጥና «ይሄ ይወረድ፣ ያ ይቆይ» ይላል፤ ተሳስቶ አያውቅም። ጋሼ ገመቹም እጁን ያስቀምጣል፣ ምንም አይገባውም። በምን ታውቃለህ ብሎ በእጁ ስንት ጊዜ ጠይቆታል። አባዬ ይመልስለታል፤ የሚመልሰው ግን በእጅ ነው፣ ይረዝማል፣ ጋሼ ገመቹም ግማሽ መንገድ ላይ ይጠፋበታል። «በሱ ጊዜ እናትሽን ላስተርጉማት ብዬ አፈርኩ። ሽማግሌ ሆኜ ይሄን አላውቅም ልበል?» አለኝ። «አሁን ማን ይነግረኛል?»

የሚያስፈሩኝ፦ ጄኔሬተሩ። ዝናቡ። ቀን ብርሃን ላይ ስክሪኑ መታየቱ (ከድር ከኋላና ከጎን ጋቢ ሊሰቅል ነው)። ቄሱ፣ ግን እሳቸው «ጸሎቱና ማዕዱ ካለቀ በኋላ ምን ከለከላችሁ» ብለዋል።

ከሁሉም በላይ እማዬ። አሥራ አንዱን ደቂቃ ሙሉ አላየችውም። ጥር ላይ ያለውን እሷ ሁሉን አታስታውሰውም፤ እኔ ግማሹን ብቻ ነው የምሰማው።

ሰኞ፣ ግንቦት 14

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬም የምችል አይመስለኝም፣ ግን ልሞክር።

ቅዳሴው፣ ጸሎቱ፣ ማዕዱ በሥርዓቱ አለፈ። ዝናቡ ታገሠን። ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆሟል። ከድር ጫማውን አውልቆ ላፕቶፑ ሥር መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ጣቱ ቁልፉ ላይ። እማዬ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመች። ለከድር ራሷን ነቀነቀችለት።

ሥዕሉ ሳይመጣ ድምፁ ቀደመ። ጠፍ! ጠፍ! አባዬ አጨበጨበ።

ግማሹ ሰው ወደ ጓሮው ዞረ። እምላለሁ፣ ዞረ! በዚያ ጭብጨባ ነበር አጥር አሻግሮ ሲጠራቸው የኖረው። ከዚያ ስክሪኑ በራ። አባዬ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጧል፣ ጠባሳው፣ ቀይ ክሩ፣ ሁሉ ነገሩ። አንድም ሰው አላለቀሰም። እኔ ለቅሶ ጠብቄ ነበር። ሰው ሁሉ ግን አፉን ያዘ፤ ጄኔሬተሩ ብቻ ይሰማል።

የግራ እጁ ጣቶች ከጉልበቱ ተነሱ። እማዬ ጀመረች።

«‹ደህና ናችሁ ወይ› ይላል። ‹ይሄ ልጅ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ አስቸገረኝ› ይላል።» ሳቅ ሆነ። አባዬም ጉሮሮው ውስጥ አጉረመረመ። ያቺን ድምፅ! ለካ እውነትም እየቀለደ ነው። ጭኑን መታ። እማዬ ወደሚቀጥለው አለፈች። አልፈጠነባትም፣ አልጠፋባትም፤ የሱ እጅና የሷ አፍ አንድ ላይ ሄዱ።

ከዚያ ወደ ቀፎው ዞረና መዳፉን ለጠፈበት።

«‹እናንተ በጆሮ ነው የምትሰሙ። ጆሮ ብዙ ነገር ይደባልቅባችኋል። እኔ እጄን አስቀምጣለሁ› ይላል። ‹የባዶው ቀፎ ንዝረት ጣቴ ላይ ይቀራል። የሞላው ክርኔ ድረስ ይወጣል። ገመቹ ሁልጊዜ ይጠይቀኛል። ቸኩሎ እጁን ያነሳል እንጂ ያገኘው ነበር› ይላል።»

ጋሼ ገመቹ ከመቀመጫው ተነሳ። ማንንም ሳያይ በድንኳኑ ጎን ወጥቶ ጓሮ ሄደ። ቀፎው እዚያው ዛፉ ላይ ነው። መዳፉን አስቀመጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ቆየ። ረጅም ጊዜ ቆየ። በስክሪኑ ላይ አባዬ በደረቱ እምም ይላል፤ ጓሮው ውስጥ ሽማግሌው ዛፍ ተደግፎ ቆሟል።

«ዱጋ ዳ!» ብሎ ጮኸ። «እውነቱን ነው! ክርኔ ደረሰ!»

ያን ጊዜ ነው ሰው ያለቀሰው። እኔ ግን አላለቀስኩም። ፍርሃት የሚመስል ነገር ነው የያዘኝ፤ ቅዳሴ ላይ መጋረጃው ሲከፈት የሚሰማኝ ዓይነት። አርባ ቀን ከአፈር በታች ያለ ሰው ባልንጀራውን አስተማረው፤ እኛም ቆመን አየን።

ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ አባዬ ዓይኑን ከካሜራው ወደ ጎን አነሳ። ያን ዕለት እማዬ የቆመችው ከአጎቴ ልጅ አጠገብ ነበር። ወደሷ ነው የሚያየው። የእጆቹ እንቅስቃሴ አነሰ፤ ደረቱ ጋ ተጠግተው በጣቶቹ ጫፍ ብቻ መናገር ጀመሩ። ድምፁም ዝቅ አለ።

«‹አንቺ› ይላል፣ ‹አንቺ...›» አለች እማዬ።

መተርጎሟን ተወች። ሰው ጠበቃት። እሱ ጨረሰና ጭኑን መታ አደረገ፤ ከዚያ እጆቹን አሳርፎ ዝም ብሎ ያያት ጀመር። መልስ እየጠበቀ ነው። ጥር ላይ መልሳለት ነበር፣ ከካሜራው ውጭ ሆና። አሁንም እጆቿ ተነሱ። በሰው ሁሉ ፊት፣ ጥቁር ለብሳ፣ መለሰችለት። ጊዜው ልክ ነበር። እሷ ጨርሳ እጇን ስታወርድ እሱ ሳቀ። አንዲት ሥዕል ብትጎድል እንዲህ አይሆንም ነበር።

ሮጬ ጆሮዋ ሥር «ምን አለሽ?» አልኳት።

ዓይኗን ከሱ ላይ ሳታነሳ «ይሄ ለናንተ አይደለም» አለችኝ።

ማንም አልጠየቃትም። ከድር ላፕቶፑ ሥር አንገቱን ደፍቶ ነበር። አሥራ አንዱ ደቂቃ አለቀ። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ «በቃ፣ ተናገረ» አለች፤ ሰው ሁሉ «ነፍስ ይማር» አለ።

እኔ የአባዬን ንግግር የምሰማው ግማሹን ነው ብያለሁ። ትናንት እጁ አልዘለለም፤ ጣቶቹ ሁሉ ነበሩ። ለእማዬ ካለው የሰማሁትን ግማሽ እዚህም አልጽፈውም።